ስለቱን ትታችሁ ዘንጉን እዩት

እንደምን አመሻችሁ። ስለመጣችሁልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ ረጅም ዘንግ ነው። ጫፉ ላይ ብረት ስለተሰካበት ዘንግ። በአውሮፓ ከ1300 አካባቢ እስከ 1520ዎቹ ድረስ ብዙ ትልልቅ ጦርነቶችን የወሰነው ይህ መሣሪያ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራቸው። ፊልም ላይ ግን ጀግናው የሚይዘው ሰይፍ ነው። ሙዚየም ስንገባም ዓይናችን ቶሎ የሚያርፈው ሰይፉ ላይ ነው። ባለ ዘንጎቹ መሣሪያዎች ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ፤ ሰውም አልፏቸው ይሄዳል።

ይሄ ያንገበግበኛል። ባሰ ሲባል ደግሞ "ገበሬ ማጭዱን እንጨት ላይ አስሮ ወጣ" ተብሎ ይታለፋል። ከእርሻ መሣሪያ የተወለዱ አሉ፤ አልክድም። ግን ሃልበርድ የሚባለውን ባለ ረጅም ዘንግ መጥረቢያ፣ አንዱን በደንብ የተሠራውን፣ ቀረብ ብሎ ላየ ሰው፣ እያንዳንዱ ጎን፣ እያንዳንዱ ምስማር የታሰበበት መሆኑን ይገባዋል። አንድን ችግር ለመፍታት የተሠራ ነው። ችግሩ ሲቀየር ደግሞ ቅርጹም አብሮ ተቀይሯል።

ችግሩ ምን ነበር? ፈረሰኛው ነው። በ1200ዎቹ የአውሮፓ ባላባት የራስ ቁር ደፍቶ፣ የብረት ጥሩር ለብሶ፣ ትልቅ ፈረስ ላይ ተቀምጦ፣ ረጅም ጦሩን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ይመጣል። የእኛ አባቶች ጦር ይወረውሩም፣ ይወጉም ነበር። ይሄኛው አይወረውርም። የሚወጋው በፈረሱ ሩጫ ነው። የሰውና የፈረስ ክብደት ተደምሮ ጦሩ ጫፍ ላይ ይመጣል። ሰይፍ የያዘ እግረኛ እዚህ ፊት ምን ያደርጋል? ሰይፉ ቢረዝም አንድ ሜትር ነው። ገና ሳይደርስ ይወጋል። ቢደርስም ስለቱ ብረቱ ላይ ይንሸራተታል።

ስለዚህ እግረኛው ሦስት ነገር ያስፈልገዋል። ፈረሱን የሚያቆም ርዝመት፣ ሰውየውን ከኮርቻ የሚያወርድ ነገር፣ ብረቱን የሚሰብር ጉልበት። ሦስቱ ደግሞ እርስ በርስ ይጣላሉ። ዘንጉ በረዘመ ቁጥር ማወዛወዝ ያቅታል። ብረቱ በከበደ ቁጥር ክንድ ይዝላል፤ ስቶ የሄደውን ምት መልሶ ማንሳት ጊዜ ይፈጃል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰው ይሞታል። የባለ ዘንግ መሣሪያ ታሪክ ባጭሩ እነዚህን ሦስቱን ለማስታረቅ የተደረገ ልፋት ነው።

የመጀመሪያውን ትልቅ መልስ የሰጡት ሸማኔዎችና ሥጋ ሻጮች ናቸው። ጁላይ 11 ቀን 1302፣ ኮርትራይክ የምትባል የፍላንደርስ ከተማ፣ የዛሬዋ ቤልጂየም ውስጥ። የፈረንሳይ ንጉሥ የላከው ጦር ከሁለት ሺህ በላይ ፈረሰኛ ነበረው። ፊት ለፊቱ የቆሙት በአብዛኛው የከተማ የእጅ ባለሙያዎች ናቸው፤ በየማኅበራቸው ተሰልፈው። ግማሹ ረጅም ጦር ይዟል። ሌላው የያዘው ጉደንዳግ ይባላል። አንድ ሜትር ተኩል አካባቢ የሚሆን ወፍራም ዱላ ነው፤ ወደ ላይ እየወፈረ ይሄድና ጫፉ ላይ የብረት ቀለበትና አጭር ሹል አለው። በቃ። ከዚህ የረከሰ መሣሪያ ለማሰብ ይከብዳል።

ግን አቀማመጡን እዩ። ጦር የያዘው የጦሩን ታች መሬት ላይ ተክሎ ፈረሱን ያቆማል። ጎኑ ያለው ባለ ጉደንዳግ ደግሞ የቆመውን ፈረስ ወይም የወደቀውን ሰው ይመታል፤ በሹሉ ይወጋል። አንዱ ያለ ሌላው ከንቱ ነው። ሜዳው በጅረቶች የተቆራረጠ ስለነበር ፈረሶቹ በሙሉ ሩጫ አልመጡም፤ ይሄም ረድቷል። ሲያልቅ የጦሩ አዛዥ የአርቷው ሮበርት ሞቷል። ከሞቱት ባላባቶች እግር የተፈታው የወርቅ ቀለም ያለው የፈረስ መንጃ እሾህ፣ አምስት መቶ ጥንድ ያህል ነው ይባላል፣ የከተማዋ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተሰቀለ። ፈረንሳዮች ከ80 ዓመት በኋላ፣ በ1382፣ ተመልሰው መጥተው ወሰዱት። በእንግሊዝ ኦክስፎርድ ኒው ኮሌጅ ውስጥ ደግሞ ይህ ውጊያ ፊቱ ላይ የተቀረጸበት አሮጌ የእንጨት ሣጥን አለ። ጉደንዳጎቹ በግልጽ ይታዩበታል።

አሁን ወደ ተራራው እንውጣ፤ እኔ በተለይ የምወደው ክፍል እዚህ ነው።

በ1315 ኖቬምበር 15 የኦስትሪያው መስፍን ሊዮፖልድ ሽቪትስ የሚባሉትን የስዊስ ተራራ ሰዎች ሊቀጣ ዘመተ። ሞርጋርተን ላይ፣ በኤገሪ ሐይቅና በተራራው መካከል ባለ ጠባብ መንገድ፣ ድንገት ከላይ ወረዱበት። ፈረስ ለመዞር እንኳ ቦታ አልነበረም። የቪንተርቱሩ ዮሐንስ የሚባል የፍራንሲስካን መነኩሴ በኋላ ይህን ጻፈ። ያኔ ገና ተማሪ ልጅ ነበር። አባቱ ዘምቶ ነበርና የከተማው በር ድረስ ሊቀበለው ወጣ። መስፍኑ በሐዘን ግማሽ ሞቶ ሲመለስ በዓይኑ አየ። ይህ ሰው ነው የሽቪትሶቹን መሣሪያ ስም ጠርቶ ያስቀመጠልን፤ ሃልበርድ ይዘው ነበር፣ በእሱም ብረት ክፉኛ የለበሱትን ሰዎች በምላጭ እንደሚቆረጥ ቆራረጧቸው ይላል።

ሃልበርድ ምንድን ነው? ሁለት ሜትር አካባቢ የሆነ ዘንግ ላይ የተሰካ ትልቅ የመጥረቢያ ምላጭ። ጠቅላላ ክብደቱ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ኪሎ ነው። "ከባድ ነው፣ ግዙፍ ሰው ነው የሚይዘው" የሚባለው ልክ አይደለም። የቀድሞዎቹ ቅርጻቸው ቀላል ነው። ረዘም ያለ ምላጭ፣ የላይኛው ጫፉ ሹል፣ ጀርባው ላይ ሁለት የብረት ዓይኖች። ዘንጉ በሁለቱ ዓይኖች ውስጥ ያልፋል። እየቆየ ግን ሦስት ነገር ተጨመረበት። ላይ መውጊያ ሹል፣ ከኋላ መንጠቆ፣ ከታች ደግሞ ሁለቱ ዓይኖች ቀርተው አንድ ጠንካራ ማቀፊያ። ያን ጊዜ መሣሪያው ሞላ። ምላጩ ይቆርጣል። ሹሉ ይወጋል። መንጠቆው ፈረሰኛውን ከኮርቻው፣ ልጓሙን ከእጁ፣ የእግረኛውን ጉልበት ከኋላ ይስባል። መንጠቆውን ገልብጠህ ብትመታበት ደግሞ ሙሉው ምት አንዲት ነጥብ ላይ ስለሚያርፍ ምላጩ ያቃተውን ብረት ይበሳል።

እስቲ አሁን ብረቱን ትተን ዘንጉን እንይ። ለነገሩ ርእሴም እሱ ነው።

ዘንጉ አብዛኛውን ጊዜ አሽ ከሚባለው ዛፍ ነው። ጭረቱ ረጅምና ቀጥ ያለ ነው፤ ይለመጣል እንጂ ቶሎ አይሰበርም፤ ምቱንም ወደ እጅ አያስተላልፍም። ጥሩ ዘንግ የሚወጣው ግንዱ በመጋዝ ሳይሆን ተሰንጥቆ ነው፤ ምክንያቱም መጋዝ ጭረቱን አቋርጦ ይሄዳል፣ ሲሰነጠቅ ግን እንጨቱ ራሱ መንገዱን ያሳያል። ከዚያ ክብ አያደርጉትም። አራት ማዕዘኑን ጠርዝ ጠርዙን ልገው ስምንት ጎን ይሰጡታል። ለምን? ክብ ዘንግ እጅ ውስጥ ይሽከረከራል። በግርግር መሃል፣ የብረት ጓንት ለብሰህ፣ ወደ ላይ ሳታይ፣ ስለቱ ወዴት እንደዞረ ማወቅ አለብህ። ጠርዙ ለመዳፍህ ይነግርሃል።

ከብረቱ ግርጌ ደግሞ ሁለት ወይም አራት ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች በዘንጉ ጎን ይወርዳሉ። ግማሽ ሜትር የሚደርሱም፣ የሚያልፉም አሉ። በምስማር ተመትተዋል። ሁለት ሥራ አላቸው። አንደኛ፣ መንጠቆው ሲስብና ምላጩ ሲመታ ብረቱ ከእንጨቱ እንዳይነቀል ይይዙታል። ሁለተኛ፣ ባላጋራ የመሣሪያህን ብረት ከነጫፉ ቆርጦ እንዳይጥልብህ እንጨቱን ይጠብቃሉ። "ዘንጉን በሰይፍ ቢቆርጡትስ?" የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣልና መልሱ ይኸው ነው። በዚያ ላይ ሰው የያዘው ዘንግ መሬት ላይ እንደተጋደመ ግንድ አይደለም፤ ሲመታ ይሸሻል። አውሮፓ ያላችሁ ኦስትሪያ፣ ግራዝ ከተማ ብትሄዱ፣ በ1640ዎቹ የተሠራ የጦር ዕቃ ግምጃ ቤት አለ። 32,000 ያህል ዕቃ እስከዛሬ በየመደርደሪያው ነው። እነዚህን የብረት ቅጠሎችና ምስማሮቻቸውን እዚያ አፍንጫችሁን አስጠግታችሁ ማየት ትችላላችሁ።

አጠቃቀሙስ? እንጨት የፈለጠ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ምሳር ሲነሣ አንዱ እጅ ብረቱ አጠገብ ነው፤ ሲወርድ ያ እጅ እየተንሸራተተ ወደ ታች ይመጣል። ሃልበርድም እንዲሁ ነው። እጅ ሲራራቅ ትቆጣጠረዋለህ፣ ትመክትበታለህ፣ በቅርብ ትዋጋበታለህ። እጅ ሲቀራረብ ርዝመቱን በሙሉ ትለቅለታለህ። የርዝመቱ ጥቅም ደግሞ መድረስ ብቻ አይደለም። ዘንጉ እጥፍ ቢረዝምና በዚያው ፍጥነት ብታዞረው፣ ጫፉ ላይ ያለው ብረት በእጥፍ ፍጥነት ይሄዳል፤ የሚያርፈው ጉልበት ግን አራት እጥፍ ይሆናል። በእርግጥ ረጅሙን በአጭሩ ፍጥነት ማዞር አይቻልም፤ ያም ሆኖ ትርፉ ብዙ ነው። የራስ ቁር የሚሰነጠቀው በዚህ ነው።

አሁን ክፋቱን ልንገራችሁ። ሁለት ሜትር ዘንግ የሚያወዛውዝ ሰው ቦታ ይፈልጋል። ግራና ቀኙ ያለው ጓደኛው ራቅ ማለት አለበት። ራቅ ሲሉ ደግሞ መሃላቸው ክፍት ይሆናል። ጠባብ መንገድ ላይ፣ ግርግር ውስጥ፣ ሃልበርድ ንጉሥ ነው። ሰፊ ሜዳ ላይ፣ ተጠጋግቶ ጦር አስቀድሞ የሚመጣ ሰልፍ ሲገጥመው ይቸገራል። በ1386 ዜምፓክ ላይ የኦስትሪያ ባላባቶች ከፈረስ ወርደው፣ የፈረሰኛ ጦራቸውን ወደፊት አድርገው ቆሙ፤ ስዊሶች መጀመሪያ ላይ ክፉኛ ተጎዱ። በመጨረሻ አሸንፈው መስፍኑን ሦስተኛውን ሊዮፖልድ ገደሉት። አንድ ቪንከልሪድ የሚባል ሰው የጠላትን ጦሮች ሰብስቦ ደረቱ ላይ አስወግቶ መንገድ ከፈተ የሚለው ታሪክ የሚነገረው ስለዚህ ቀን ነው። የተጻፈው ግን ብዙ ቆይቶ ነው፤ እኔ እንደ ታሪክ ሳይሆን እንደ ተረት እይዘዋለሁ። ተረቱ ግን የትኛው ችግር እንዳስጨነቃቸው በደንብ ያሳያል።

ትምህርቱ የመጣው በ1422 ነው። አርቤዶ ላይ የሚላኑ አዛዥ ካርማኞላ ፈረሰኞቹን አውርዶ በጦር ገጠማቸው። አብዛኞቹ ሃልበርድ የያዙት ስዊሶች መድረስ አቃታቸው፤ ተመተው ወጡ። ከዚያ ወዲያ ሠራዊታቸው ውስጥ የፓይክ ቁጥር እንዲጨምር ወሰኑ።

ፓይክ አምስት ሜትር፣ ከዚያም በላይ የሆነ ጦር ነው። ብረቱ ትንሽ ነው፤ ትልቅ ቢሆን ማን ያነሣዋል? ዘንጉ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ካልቀጠነ በክብደቱ ወደ መሬት ይጎብጣል። ከቀጠነም ጫፉ ይንቀጠቀጣል። አንድ ሰው ብቻውን ፓይክ ይዞ ቢቆም ያሳዝናል። ጫፉን ካለፍክ አለቀለት፤ ሊያዞረው አይችልም። ግን ብዙ ሺህ ሆነው በአራት ማዕዘን ሲሰለፉ ሌላ ነገር ይሆናል። የፊተኞቹ አራት ረድፎች ጫፍ ከፊት ይወጣል። አንዱን ስታልፍ ሁለተኛው ይጠብቅሃል፤ ሁለተኛውን ስታልፍ ሦስተኛው። ፈረስ ሰው እንደሚያስበው ጅል አይደለም፤ የቆመና የማይንቀሳቀስ የጦር ጫካ ውስጥ በፈቃዱ አይገባም። ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው እግረኛው አለመሸሹ ላይ ነው። ጎንህ ያለው የወንድምህ ልጅ፣ ኋላህ ያለው ጎረቤትህ ከሆነ መሸሽ ይከብዳል። ስዊሶች በየቀበሌያቸው ነበር የሚሰለፉት።

ሃልበርዱስ? አልተጣለም። ሰልፉ መሃል፣ ባንዲራው ዙሪያ ተቀመጠ። ፓይኮቹ ተገፋፍተው ሲጣበቁ፣ ወይም ጠላት ሲበተን፣ ባለ ሃልበርዶቹ ይወጣሉ። ፓይክ በሩን ይከፍታል፤ ሃልበርድ ቤቱን ይጨርሳል። እኔ ከሁሉም በላይ የማደንቀው ይህን ቅንጅት ነው፤ በአንድ እንጨት ላይ አልስማማ ያሉትን ሦስት ነገሮች በሁለት እንጨት ከፍለው ሰጡ።

ውጤቱን ያየው የቡርጎንዲው መስፍን ደፋሩ ቻርልስ ነው። በዘመኑ ከአውሮፓ ባለጠጎች አንዱ ነበር። ጥሩ መድፍ፣ ጥሩ ፈረሰኛ፣ ቅጥር ወታደር ሁሉ አለው። በማርች 1476 ግራንሶን ላይ ተሸነፈ፤ መድፉና ሀብቱ በሙሉ ተማረከ። በጁን ሙርተን ላይ እንደገና ተሸነፈ፤ ይሄኛው እልቂት ነበር። ጃንዋሪ 5 ቀን 1477 ናንሲ ላይ፣ በክረምቱ ብርድ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ገጠመ። ከውጊያው በኋላ መስፍኑ ጠፋ። አስከሬኑ የተገኘው ከሁለት ቀን በኋላ ነው፤ ተገፎ፣ በረዶ ላይ ተጣብቆ፣ ፊቱን ተኩላ በልቶት። ሐኪሙ በአሮጌ ጠባሳዎቹና በረጃጅም ጥፍሮቹ ለየው። የራስ ቅሉን ሃልበርድ ሰንጥቆት ነበር። የመታው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ከአውሮፓ ትልልቅ መሳፍንት አንዱን አንድ ስሙ ያልተመዘገበ እግረኛ በእንጨት ላይ በተሰካ ብረት ገደለው፤ የቡርጎንዲ ግዛትም ከዚያ በኋላ ተበታተነ።

ስለ ሌሎቹ ዘመዶች ቶሎ ቶሎ ልበል። ባላባቶቹ ራሳቸው በእግር ሲዋጉ ፖልአክስ ይይዙ ነበር። ከሃልበርድ አጠር ይላል፤ መጥረቢያ ወይም መንቆር፣ ባንድ ጎን መዶሻ፣ ከላይም ከታችም ሹል። ሙሉ ብረት የለበሰን ሰው ስለት አይቆርጠውም፤ መዶሻ ግን ብረቱን ሳይበሳም ውስጥ ያለውን አጥንት ይሰብራል። እንግሊዞች ደግሞ ቢል ነበራቸው። ይሄ በእውነት ከእርሻ የመጣ ነው፤ የአጥር ቁጥቋጦ መቁረጫ ቆልማማ ቢላዋ ሹልና መንጠቆ ተጨምሮለት።

ቢል ሰፊ ስም ያገኘው ሴፕቴምበር 9 ቀን 1513 ፍሎደን ላይ ነው። የስኮትላንዱ ንጉሥ አራተኛው ጄምስ ጦሩን እንደ ስዊሶች በፓይክ አስታጠቀ፤ ፈረንሳዮች መሣሪያውንም አሰልጣኞቹንም ላኩለት። ችግሩ ቁልቁል ወርደው ከግርጌው ረግረግ ገጠማቸው። እግር አዳለጠ፣ ረድፍ ተሰበረ። ረድፉ የተሰበረ ፓይክ ምን ያህል ከንቱ እንደሆነ ቅድም ብያለሁ። ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ቢል የያዙት እንግሊዞች መሃላቸው ገብተው የፓይኩን ዘንግ እየቆራረጡ ሰውን ጨረሱ። ንጉሡም እዚያው ወደቀ። መሣሪያውን ገዝቶ ማምጣት ይቻላል፤ የስዊስን ጎረቤታሞች ለዓመታት አብሮ መሰልጠን ግን በጥቂት ወራት ማምጣት አይቻልም።

የባለ ዘንግ መሣሪያ ጉዳት ምን እንደሚመስል ያየነው ደግሞ በቅርብ ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ሦስተኛው ሪቻርድ በ1485 ቦስዎርዝ ላይ ተገደለ። አጽሙ በ2012 ሌስተር ከተማ መኪና ማቆሚያ ሥር ተገኘ። የራስ ቅሉ ግርጌ ላይ ትልቅ ጉዳት አለ። የመረመሩት ሳይንቲስቶች ሃልበርድ ወይም ቢል የመሰለ መሣሪያ፣ አለዚያም ሰይፍ ሊያደርሰው የሚችል ነው አሉ። ያን ጊዜ የራስ ቁሩ ራሱ ላይ አልነበረም።

የስዊሶቹ ነገር ያበቃው ሚላን አጠገብ፣ ቢኮካ ላይ ነው። ኤፕሪል 27 ቀን 1522። ለፈረንሳይ ተቀጥረው ነበር፤ ደመወዝ ዘግይቶባቸዋል። ወይ ክፈሉን፣ ወይ አሰናብቱን፣ ወይ አዋጉን አሉ። አዛዡ ሎትሬክ ሳይወድ በግዱ አዋጋቸው። ፊት ለፊት የተቆፈረ መንገድ አለ፤ ከመንገዱ ወዲያ ካብ አለ፤ ካቡ ላይ በረድፍ በረድፍ የተደረደሩ ነፍጠኞች አሉ። ስዊሶች መድፍ እየቆረጣቸው ሜዳውን አለፉ። መንገዱ ውስጥ ሲገቡ ግን አምስት ሜትር ፓይካቸው ካቡ ጫፍ አልደርስ አለ። ከላይ ነፍጥ ዘነበባቸው። ሦስት ሺህ ያህል ሞቱ፤ አብዛኞቹ መሪዎቻቸው እዚያው ቀሩ። ድፍረት አልጎደላቸውም። ርዝመት የሚባለው ነገር ራሱ ትርጉሙ ተቀይሮባቸው ነው፤ የነፍጥ ጥይት የሚደርስበትን ማንም ዘንግ አይደርስበትም።

ያም ሆኖ ፓይክ በአንድ ቀን አልጠፋም። ነፍጠኛው እስኪያጎርስ ድረስ ፈረሰኛ እንዳይጨርሰው የሚጠብቀው ይፈልጋልና፣ ባለ ፓይክና ነፍጠኛ ጎን ለጎን ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ አብረው ተሰለፉ። ፓይክን በመጨረሻ ያስቀረው በ1600ዎቹ መገባደጃ የመጣው ሳንጃ ነው፤ ነፍጠኛው ጠመንጃው አፈሙዝ ላይ ስለት ሰክቶ ራሱን በራሱ መጠበቅ ቻለ። ሃልበርዱ በየአገሩ የሃምሳ አለቆችና የቤተ መንግሥት ዘበኞች ምልክት ሆኖ ቆየ። በ1506 የተቋቋመው የቫቲካን የስዊስ ዘብ ዛሬም ይይዘዋል።

የእኔ ይኸው ነው። አሁን ጥያቄ ያለው ይጠይቅ።